ጎልፍ፣ ንፋስና የሐጂ ዳውድ ላሞች

ሰው ከዝናብ ጋር ከታረቀ ቆይቷል። ጣራ ሠርቶበታል፣ ጃንጥላ ዘርግቶበታል፤ ሲጠፋ ጸልዮ ያስመጣዋል፣ ሲበዛ ጸልዮ ያስቆመዋል። ከፀሐይም ጋር ቢሆን ዛፍ እስካለ ድረስ ተቻችሎ ይኖራል። ከንፋስ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልተስማማም። ንፋስ ሲመጣ የሰው ልጅ ያለው ብልሃት አንድ ብቻ ነው፤ ባርኔጣውን ይይዛል። ባርኔጣ የሌለው ዓይኑን ይጨፍናል። ይህን ሁሉ ማሽን የፈለሰፈ ፍጡር ንፋስ ፊት ሲቆም ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያልፍ ከመጠበቅ ሌላ መላ የለውም ቢባል ማን ያምናል? እኔ አምናለሁ። ምክንያቱም በዚያ በአዋሽ ሸለቆ ንፋስ መካከል ቆሜ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን፣ ጎልፍ የተጫወትኩ ሰው ነኝ።

አትሳቁ። ጎልፍ ነው ያልኩት።

ለማታውቁት ላስረዳ። የእንቁላል ያህል የሆነች ነጭ ኳስ መሬት ላይ ታስቀምጣላችሁ። በብረት ዱላ መትታችሁ ከዓይናችሁ ታርቋታላችሁ። ከዚያ ሄዳችሁ ትፈልጓታላችሁ። ስታገኟት ደስ ይላችኋል፤ ደስ ብሏችሁም እንደገና ትመቷታላችሁ። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ጎንበስ ብላችሁ ታወጧታላችሁ። በጥቂት ምት ያስገባ አሸነፈ ይባላል። ይኸው ነው። እኔ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ስለነበርኩ የጠፋ ዕቃ መፈለግ የዘወትር ሥራዬ ነበር። ሰው ይህንኑ ሥራ ለመዝናኛ ብሎ፣ ነጭ ሱሪ ለብሶ እንደሚሠራው ግን ማንም አልነገረኝም።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ የጥጥ እርሻ በአዋሽ ዳርና ዳር በተስፋፋበት ወቅት ነው። ዛሬ ሰመራ የምትሉት ከተማ ያኔ ስሙም አልነበረ። ለኛ ከተማ ማለት ባቡር የሚቆምባት አዋሽ ነበረች። እኔ ከሸዋ ደጋ የአሥረኛ ክፍል ትምህርቴንና አንድ ወፍራም ሹራብ ይዤ ወረድኩ። ከመልካ ወረር ትንሽ አለፍ ብሎ ካለው እርሻ ስደርስ ሹራቡን አወለቅኩት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ መልሼ አልለበስኩትም።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ፊሊፕ ይባል ነበር። ቁመቱ የስልክ እንጨት፣ ፊቱ የበሰለ ቲማቲም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንብ ይወድ ነበር እንጂ። በየበሩ፣ በየግድግዳው፣ በየዛፉ ግንድ ማስታወቂያ ያስለጥፋል። «እዚህ መቆም ክልክል ነው»፤ «እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው»። ሠራተኛው ታዲያ የት ይሁን? ማስታወቂያውን በጽሕፈት መኪና ጽፌ የምለጥፈው እኔ ስለነበርኩ ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ለኔ ነበር የሚያቀርበው።

ይህ ሰው የጎልፍ ፍቅር ነበረበት። በጥጡና በወንዙ መካከል ጨው ያነሣው፣ ዘር የማያበቅል ሜዳ ነበር። እሱ ላይ ሦስት ጉድጓድ አስቆፈረ። ሣር የሚባል ነገር ስለሌለ በየጉድጓዱ ዙሪያ አሸዋ አስነጥፎ፣ አሸዋው እንዳይበተን የተቃጠለ የትራክተር ዘይት አርከፈከፈበት። ሦስቱን ጉድጓድ ሦስት ጊዜ መዞር አንድ ሙሉ ጨዋታ ሆነ። አገሩ ቢሆን ዘጠኝ የተለያየ ጉድጓድ ያስፈልጋል አሉ፤ እኛ ግን ባለን ተብቃቃን።

ሜዳው ግን ባለቤት ነበረው። ሐጂ ዳውድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ከብቶቻቸውን ወደ አዋሽ የሚያወርዱት በዚያ ነው። አባታቸውም አያታቸውም በዚያው ነበር የሚያወርዱት። ድሮ መውረጃው ብዙ ነበር፤ ቦይ ተቆፍሮ፣ ጥጥ ተዘርቶ፣ አጥር ታጥሮ ሌላው ሁሉ ሲዘጋ ያችው አንዷ ቀረች። ሚስተር ፊሊፕ ጉድጓዶቹን ባስቆፈረ ሳምንት ሐጂ ዳውድ መጡና ግራር ሥር ለንግግር ተቀመጥን።

የንግግሩ አካሄድ እንዲህ ነበር። ሚስተር ፊሊፕ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ይናገራል። እኔ በአማርኛ አራት አደርገዋለሁ። የሐጂ የእህት ልጅ የሆነው የሜዳው ዘበኛ ሁመድ ደግሞ በአፋርኛ አሥራ ስድስት ያደርገዋል። ሐጂ ዳውድ ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ያዳምጡና ሩብ ሰዓት ሙሉ ይመልሳሉ። ሁመድ ወደኔ ዞሮ፣ «እሺ ብሏል» ይለኛል።

ስምምነቱ ይህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሜዳው የጎልፍ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ የሚያስፈራው ንፋስ ይነሣል፤ ንፋስ ሲነሣ ጎልፍ የሚጫወት የለም። ስለዚህ ከንፋሱ መነሣት እስከ መግሪብ ጸሎት ሜዳው የከብቶቹ ነው። ሁሉም ደስ አለው። ንፋሱ ራሱ የሦስተኛ ወገን ፊርማ ያኖረ ያህል ነበር።

እንግዲህ ይህን ያህል ካልኩ ወደ ራሴ ልምጣ።

ሚስተር ፊሊፕ በሸለቆው ታች ካለ ሌላ እርሻ የውጭ አገር ሰዎች ጋር በዓመት ሁለቴ ይጋጠማል፤ አንዱን እነሱ ይመጣሉ፣ አንዱን እኛ እንሄዳለን። ከየወገኑ አራት ሰው ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት አራተኛው ሰው፣ የሒሳብ ሹሙ፣ ወባ ክፉኛ ጣለውና ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ሚስተር ፊሊፕ ቢሮውን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከሱ ሌላ እንግሊዝኛ ሰምቶ እሺ የሚል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ወር ተሰጠኝ፤ አሮጌ ዱላም ተሰጠኝ።

ችግሩ እኔ ከሥራ የምወጣው ስምንት ሰዓት ነው። ምሳ በልቼ ሜዳ ስደርስ ዘጠኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን እንደሚመጣ ነግሬአችኋለሁ።

የመጀመሪያዋን ኳስ አልረሳትም። እግሬን አንፈራጥጬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ መታኋት። ተነሣች። ከፍ አለች። ከዚያ አየር ላይ ቆመች። እውነቴን ነው፣ ቆመች። የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ሴት ዞር አለችና በራሴ ላይ አልፋ፣ ከኋላዬ ግራሩ ሥር የተቀመጠው ሁመድ እግር አጠገብ ወደቀች። ሁመድ አነሣት፣ አገላበጣት፣ ከዚያ፣ «ይቺ ቤቷን ታውቃለች» አለኝ።

ሁመድ በአማርኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማም፤ ሥራ አስኪያጁንም፣ ወረዳ ገዢውንም፣ እኔንም «አንተ» ነው የሚለው። ሲል ግን ማንንም ዝቅ አያደርግም። ሁላችንንም እኩል ከፍ የሚያደርግ «አንተ» ነበር።

ሦስት ቀን እንዲሁ ሆንኩ። በመታሁ ቁጥር ኳሷ ትመለሳለች፤ በተመለሰች ቁጥር እልህ ይይዘኛል፤ እልህ በያዘኝ ቁጥር አብልጬ እመታለሁ፤ አብልጬ ስመታ አብልጣ ትነሣለች። በአራተኛው ቀን ሁመድ ትዕግሥቱ አለቀ። መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ «ከንፋሱ ጋር ተጣላህ እንዴ? ምን አደረገህ?» አለኝ።

ዱላዬን ተደግፌ አየሁት።

«ለምን ወደ ላይ ትሰዳታለህ? ላይ ማን አለህ? ንፋሱ ያለው ላይ ነው። ያችን ፍየል እያት። ተኝታለች፤ ጸጉሯ አይነቃነቅም። ታች ንፋስ የለም።»

አየሁ። እውነትም የፍየሏ ጸጉር አይነቃነቅም። የኔ ሸሚዝ ደግሞ ሊያበረኝ ነው።

እዚህ ላይ ነው አገሬ ትዝ ያለኝ። ልጅ ሆነን በገና ሰሞን በተጠማዘዘ ዱላ ሩር ስንመታ ማን ወደ ላይ ይመታል? ሩር ወደ ላይ የመታ የሰው ጥርስ አውልቆ ይሸሻል። ሩር መሬት ለመሬት ነው የሚላከው። ይህን እያወቅኩ ዱላዬ ብረት ስለሆነና ጨዋታው የፈረንጅ ስለሆነ ብቻ ልረሳው ይገባ ነበር? ዱላውን ወደ ታች አሳጥሬ ያዝኩ። ኳሷን ወደ ቀኝ እግሬ አስጠጋኋት። ክንዴን እስከ ወገቤ ብቻ አንሥቼ፣ በእርጋታ፣ ልጅ እንደማባበል አድርጌ ገፋኋት። ኳሷ ከጉልበት በላይ ሳትነሣ ሄደች፤ መሬት ስትነካ ደግሞ ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ዓይኔ እስኪደክም ተንከባለለች። ሁመድ በጣቱ ከከንፈሩ ላይ አቧራ ጠርጎ፣ «አሁን ታረቅህ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሁመድ ተማሪ ሆንኩ። ንፋስ እንደሚተነፍስ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ይነፍሳል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይነፍሳል። ከወንዙ ማዶ አቧራው ሲተኛ ነው መምታት። ንፋሱ ከጎን ሲመጣ ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቀው በጣም ገረመው። ከብት የሞላ ወንዝ ሲሻገር አይተህ አታውቅም ወይ አለኝ። መውጫው ትይዩ አይገባም፤ ከላይ በኩል ይገባል፤ ውሃው ራሱ ወስዶ መውጫው ላይ ያደርሰዋል። «ኳሷንም ከላይ አስገባት» አለኝ። ይህን ያለኝ ሰው በሕይወቱ አንድም ቀን የጎልፍ ዱላ አልጨበጠም። ጨብጥ ብለውም፣ «ከብት የማይነዳ ዱላ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ እንቢ አለኝ።

የግጥሚያው ቀን ደረሰ። ጨዋታው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር የተቀጠረው። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ እንግዶቹ የሉም። አራት ሆነ፣ የሉም። ላንድሮቨራቸው መንገድ ላይ ሁለት ጎማ ፈንድቶበት ኖሮ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አቧራ ለብሰው ደረሱ። በነጋታው ሥራ ስላለባቸው ማደር አይችሉም። እነሱ ባርኔጣቸውን፣ ሚስተር ፊሊፕ ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳው ወጡ። ሁመድ ከብቶቹን ለአንድ ቀን ብቻ ከአጥሩ ውጭ አቆመልን።

ምን ልበላችሁ? እነዚያ ነጭ ሱሪ የለበሱ የተከበሩ ሰዎች ኳሳቸውን ወደ ሰማይ ሲሰዱ ሰማዩ ይመልስላቸዋል። አንዱ ጥጥ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ወንዝ። ጥቁር ጺም ያለው አለቃቸው አንዲት ኳስ መትቶ ለማየት ቀና ሲል ባርኔጣው ተነሥታ ኳሷን ቀደመቻት። ሚስተር ፊሊፕ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ተናገረ፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

እኔ ግን ቀስ እያልኩ፣ መሬት ለመሬት፣ ሩሬን እየላክሁ ሄድኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሳቁ ቀነሰ። በመጨረሻው ጉድጓድ ሁሉም ጨርሶ እኔ ብቻ ቀረሁ፤ በሁለት ምት ካስገባሁ እናሸንፋለን። ንፋሱ ከግራ ነው የሚመጣው። አቧራው እስኪተኛ ጠበቅሁና ፊቴን ከጉድጓዱ አዙሬ ወደ ግራ፣ ወደ ጥጡ ቆምኩ። ሚስተር ፊሊፕ ከኋላዬ፣ ጉድጓዱ በዚያ ነው፣ ጉድጓዱ በዚያ ነው እያለ ይጮሃል።  እኔ ግን ከላይ አስገባኋት። ኳሷ ወደ ጥጡ ሄደች፣ ሄደች፤ ከዚያ ንፋሱ ትከሻዋን ይዞ እንደሚመክር ሰው መለሳት፤ ከብቶቹ ሲመላለሱ እንደ አውድማ የደደረውን መንገዳቸውን ይዛ ተንከባለለችና ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ላይ ቆመች። የቀረውን አንድ ክንድ እግዚአብሔር ረድቶኝ አስገባሁት።

አሸነፍን! ሚስተር ፊሊፕ ከመሬት አነሣኝ። ከስልክ እንጨት ላይ የተሰቀልኩ መሰለኝ። ሁመድ ከአጥሩ ሥር እጁን አነሣልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለጌታዬም ለጓደኛዬም በአንድ ምት ደስታ ሰጠሁ ብዬ ተኛሁ።

በነጋታው ጠዋት ሚስተር ፊሊፕ እያፏጨ ገባና ማስታወቂያ ጻፍ አለኝ። ወረቀቱን መኪናው ላይ አስገባሁ። እሱ እየተራመደ ይናገራል፣ እኔ እመታለሁ። በንፋስ ጊዜ ጎልፍ መጫወት እንደሚቻል በተግባር ስለተረጋገጠ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሜዳው ቀኑን ሙሉ ለጨዋታ የተከለለ መሆኑን፣ ለከብት መተላለፊያነት መጠቀምም ክልክል መሆኑን እናስታውቃለን።

ጣቴ «ክልክል» ላይ ቆመ።

ስምምነቱ የቆመው በምን ላይ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ንፋስ ላይ መጫወት ስለማይቻል ነበር ከብቶቹ የሚያልፉት። አሁን ይቻላል። እንዲቻል ያደረገው ማነው? እኔ። እኔን ያስተማረኝ ማነው? የከብቶቹ ባለቤት የእህት ልጅ። እስቲ እንዲህ ያለ ውለታ መላሽ ታውቃላችሁ?

ጌታዬ፣ ስምምነት አለን እኮ ብዬ ለመናገር ሞከርኩ። ስምምነቱ ጎልፍ በማይቻልበት ሰዓት ይላል፤ እንደዚያ ያለ ሰዓት ከእንግዲህ የለም አለኝ። ደግሞም ከብቶቹ በሰሜን በኩል ዞረው መውረድ ይችላሉ አለ። ይችላሉ፤ ግማሽ ቀን በእሾህ መካከል ሄደው። ይህንንም ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ትናንት በጣም ጥሩ ተጫወትክ አለኝ። እኔም ጻፍኩ። ለጠፍኩም። ያን ቀን የነበረኝ ጀግንነት ይህን ያህል ነበር።

ለሁመድ ራሴ ልንገረው ብዬ ከሥራ ስወጣ ወደ እትዬ ዘሃራ ሻይ ቤት ሄድኩ። እትዬ ዘሃራ ከወሎ መጥተው እርሻው በር ላይ ሻይና ሙልሙል የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሁመድ እዚያ ተቀምጦ ነበር። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም፤ ዳጉ ይሉታል። ጠዋት የለጠፍኩት ማስታወቂያ እኔ ሻይ ቤት ከመድረሴ በፊት አዳይቱ የምትባለው ሩቅ መንደር ደርሶ ተመልሷል።

ሁመድ ዓይኑን ከሻዩ ላይ አላነሣም። መሳደቡን እመርጥ ነበር። እትዬ ዘሃራ ግን ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ኧረ በአላህ! በተማርክበት ጥበብ የመምህርህን በር ዘጋህበት?» አሉኝ።

«እኔ አይደለሁም፣ እትዬ። እሱ ነው ያዘዘኝ።»

«ሙገሳውን ስትቀበል አንተ ነበርክ። ሲወቀስ እሱ ሆነ?»

ሻዩን ጠጣሁት። ሙልሙሉን ግን ሳልነካው ተውኩት። ሁመድ ለመሄድ ሲነሣ እጄን ያዝ አደረገኝና፣ «ንፋሱ ያርፋል፤ ጠብቅ» አለኝ። የተበደለው እሱ ሆኖ እኔን ያጽናናኛል።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከብቶቹ በእሾህ መካከል እየዞሩ ይወርዳሉ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐጂ ዳውድ አጥሩ አጠገብ ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ይቆማሉ፤ ያያሉ ብቻ። ሚስተር ፊሊፕ ደግሞ የኔን አመታት ከኔ ተምሮ ንፋሱ ውስጥ ይጫወታል። ደህና ተማሪ ነበር። ብቻ ከቀን ወደ ቀን አንድ ነገር ይበላሽበት ጀመር። ኳሷ ዝቅ ብላ ትሄዳለች፣ መሬት ትነካለች፣ ከዚያ ዱብ ብላ ትቀራለች። አትንከባለልም። ሊጥ ላይ እንደወደቀች ድንጋይ ባለችበት ትቀበራለች። የመልሱ ግጥሚያ ደግሞ፣ እነዚያ ሰዎች የሽንፈታቸውን ሜዳ ደግመን እንየው ስላሉ፣ እዚሁ እኛ ጋ እንዲሆን ተቀጥሮ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶታል።

ዱላውን ለወጠ። ጫማውን ለወጠ። በመጨረሻ ጠራኝና ምን አጠፋሁ አለኝ።

ጎንበስ ብዬ መሬቱን ነካሁት። ጨው ያነሣው አፈር ፈልቶ እንደ ዱቄት ሆኗል፤ ጣቴ እስከ አንጓዬ ገባ። የገበሬ ልጅ ነኝና አወቅሁት። እኛ አገር አውድማ ሲዘጋጅ በሬ እየነዱ ያስረግጡታል እንጂ እንዲሁ አይደድርም። በዚያ ሜዳ ላይ ያን ሁሉ ዘመን አውድማውን ሲያስረግጡ የኖሩት፣ ከወንዝ በረጠበ እግራቸው እየተመለሱ ጨዉን ሲያስተኙ የኖሩት እነማን ነበሩ?

እንደገና ዝም ልል እችል ነበር። እትዬ ዘሃራ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሻይ ሲቀዱልኝ ፊታቸውን ያዞሩብኝ ነበር፤ እሱን መቻል አቅቶኝ ነበር። «ጌታዬ፣ ያጠፉት እርስዎ አይደሉም። የጠፉት ላሞቹ ናቸው» አልኩት።

ያሾፍኩበት መሰለው። ፊቱ ከቲማቲምም አለፈ። እጁን ይዤ ወሰድኩት፤ ሥራ አስኪያጅን እጁን ይዤ! አጥሩን ይዞ አንድ ቀጭን የድሮው የከብት መንገድ ቅሪት ገና አልፈረሰም ነበር። እዚያ ላይ ኳስ አስቀምጬ እንዲመታ ለመንኩት። መታ። ኳሷ አርባ እርምጃ ተንከባለለች። ከጎኑ ሌላ ኳስ አስቀመጥኩ። መታ። ዱብ፤ ተቀበረች። ደግሞ መታ። ደግሞ ተቀበረች።

ሁለቱንም ቦታ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ይህን አመታት ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ሁመድ ነው አልኩት፤ ስለ ፍየሏም፣ ስለ ወንዙ መሻገሪያም፣ ሁሉንም ነገርኩት። ቀድሞ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ ሲያሞግሰኝ ግን ጣፍጦኝ ዝም ብያለሁ፤ ይህንንም ነገርኩት። ዱላውን ተደግፎ አጥሩ አጠገብ የቆሙትን ሐጂ ዳውድን አያቸው። እሳቸውም አዩት። ከዚያ ስንት ላሞች አሉት አለኝ።

ወደ ቢሮ ተመለስን። ደብዳቤ ጻፍ አለኝ፤ በአማርኛ፣ ማኅተም ያለው። ከብቶቹ ለጊዜው እንዲያልፉ ፈቅደናል በል አለኝ። ጽፌ ስጨርስ መልሼ በእንግሊዝኛ አነበብኩለት፦ የተከበሩ ሐጂ ዳውድ፣ ከብቶችዎ ዘወትር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በሜዳው በኩል እንዲያልፉልን ለዘለቄታው በትሕትና እንለምናለን።

«ለዘለቄታው» ብያለሁ እንዴ አለኝ። ጌታዬ፣ ላም የጊዜያዊ ሠራተኛ ደንብ አይገባትም አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። እንጃ፣ ምናልባት ሳቁ ይሆናል ከንፈሩን ያነቃነቀው፤ ብቻ ፈረመ። ማኅተሙን ደግሞ እኔ መታሁት፤ ዱላ ከጨበጥኩ ወዲህ እንደዚያ ያለ ምት አልመታሁም።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥሩ ተከፈተ። መጀመሪያ አንዲት ቀንደ ረጅም ላም ብቅ አለች፤ ቆማ ሚስተር ፊሊፕን አየችው፤ ከዚያ ልክ በቢሮዋ በር እንደምትገባ አለፈች። ሌሎቹ ተከተሏት። ሁመድ ከኋላ እየነዳ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ግን ሳቁ በጀርባው ይታይ ነበር። የዚያን ቀን እትዬ ዘሃራ ሻይ ሲቀዱልኝ ሳልጠይቃቸው ሁለት ሙልሙል ጨመሩልኝ። «ማሻአላህ፣ አንዳንዴም ሰው ትሆናለህ» አሉኝ።

መሬቱ በሁለት ወር ውስጥ ደደረ። የመልሱ ግጥሚያ ዕለት ሚስተር ፊሊፕ ራሱ ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመር ብሎ እንግዶቹን አስደነገጣቸው። ጺማሙ አለቃ ባርኔጣውን በገመድ አገጩ ላይ አስሮ መጣ። ከብቶቹ ካለፉ በኋላ ተጀመረ። ሚስተር ፊሊፕ ያን ቀን እንደ ደጋም እንደ አፋርም ሰው ነበር የተጫወተው፤ ዱላውን አሳጥሮ፣ አቧራው እስኪተኛ ጠብቆ፣ ከላይ እያስገባ። እኔ በሁለት ምት ተበለጥኩ፤ እሱ በሦስት አሸነፈ፤ የቀሩት ሁለቱ እኩል ወጡ፤ በድምሩ እኛ በለጥን። ሐጂ ዳውድ ግራሩ ሥር በርጩማ ተሰጥቷቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከቱ።

ሲያልቅ ሚስተር ፊሊፕ በደስታ ሰክሮ ሊጨብጣቸው ሄደ። ለትብብራቸው በጣም አመሰግናለሁ በልልኝ አለኝ። እኔ ለሁመድ፣ ሁመድ ለሐጂ አደረሰ። ሐጂ ዳውድ ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው እንደ ልማዳቸው ረጅም መልስ ሰጡ፤ አንዴ ወንዙን፣ አንዴ ኳሷን፣ አንዴ የሚስተር ፊሊፕን ሱሪ እያሳዩ። የዚያን ቀን ሁመድ አላሳጠረውም።

«እንዲህ ይላል» አለኝ። «ይህን ሰው ስንት ጊዜ አየሁት። ያችን እንቁላል ይጥላታል፣ ይፈልጋታል፣ ያገኛታል፣ መልሶ ይጥላታል። ሣር አይበላም፣ ውሃ አያደፈርስም፣ ሰው አይነካም። እንግዲህ መሬታችን ሰፊ ነው። ከብቶቹ ካለፉ በኋላ እዚህ መጫወት ይችላል፤ ፈቅጄለታለሁ።»

ሚስተር ፊሊፕ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው።